ዱቄቱን ለጣሳው፣ መጠኑን ለልጅቷ

የጡጦ ወተት በሚዘጋጅባቸው ቤቶች ሁለት ነገሮች ቦታ ተለዋውጠው ደጋግሜ አይቻለሁ። መጥበቅ የነበረበት ይላላል፤ መላላት የነበረበት ይጠብቃል። ዱቄቱና ውኃው በእጅ ልማድ ይገናኛሉ፤ «ቀጠን ይበልላት፣ እንዳይከብዳት» ተብሎ ውኃ ይጨመራል። ሕፃኗ የምትጠጣው መጠን ግን እንደ ሕግ ይከበራል፤ በጡጦው ግርጌ የቀረችው የመጨረሻ ጉንጭ እስክትገባ ድረስ ጡጦው ከአፏ አይነቀልም። መሆን የሚገባው የዚህ ግልባጭ ነው። አቀላቀሉ ላይ ንፍገትም ልግስናም አይፈቀድም፤ ስንት እንደሚጠጣ የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው ግን ልጅቷ ናት።

ጉዳዩ ወደ ቤታችን የገባው እህቴ በወለደች ጊዜ ነው። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ስለፈሰሳት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች። ሦስት ኪሎ የምትመዝነውን ጤነኛ ልጇን ይዘን ወደ ቤት የተመለስነው እናቴና እኔ ነበርን። አጥሚቱ ተሰናድቷል፣ የገንፎው እህል ተፈጭቷል፣ አራሷ ግን የለችም። በእሷ ፋንታ ጠረጴዛው ላይ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አንድ ጣሳ ወተትና ሁለት ጡጦ ተቀምጠዋል። እናቴ አምስት ልጆች በጡቷ ያሳደገች ሴት ናት። በዚያ ጣሳ ፊት ግን እሷም እኔም እኩል ጀማሪዎች ነበርን።

ወደ ቁጥሩ ከመግባቴ በፊት አቋሜን ላስቀምጥ። የእናት ጡት ወተትን የሚተካከል የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ውኃ እንኳን ሳይታከል ነው፤ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውም ይኸው ነው፤ እኔም አምንበታለሁ። ነገር ግን እናቷ ለሞተችባት፣ በጽኑ ለታመመችባት፣ ወይም የእናቷ ጡት ወተት አልበቃ ላላት ልጅ «ጡት ይሻላል» ብሎ መድገም ምግብ አይሆናትም። ጣሳ መግዛት ግድ የሆነበት ቤተሰብ ነውር እንደሠራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል። ባለሙያው ዝም ሲል መልሱን ከጎረቤት፣ ከሱቅ ሻጭ፣ ከቴሌግራም ይለቅማል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

እኛ ዕድለኞች ነበርን። ከሆስፒታል ስንወጣ አንዲት ሲስተር የቀጠሮ ካርዱን ገልብጣ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አንድ ስሌት ጻፈችልን። የልጅቷ ክብደት በኪሎ፣ ሲባዛ በ150፣ ሲካፈል ለ8። በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር በሃያ አራት ሰዓት ማለት ነው። ሦስት ኪሎ ከሆነች በቀንና በሌሊት 450 ሚሊ ሊትር፤ ለስምንት ጊዜ ሲከፋፈል በአንዴ ከ55 እስከ 60። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በኪሎ ከ150 እስከ 200 ይላል፤ የአሜሪካ ሐኪሞችም በራሳቸው መለኪያ ሲያሰሉት ከዚሁ ብዙ አይርቅም።

ካርዱን ስታቀብለን ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀችን። ይህ ቁጥር ሳምንት የሞላው ልጅ ቁጥር ነው። በተወለደበት ዕለት በኪሎ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል፤ ከዚያ በየቀኑ ከፍ እያለ በሳምንቱ መጨረሻ 150 ላይ ይደርሳል። ለሦስት ኪሎ ልጅ የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ድርሻ 180 ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ20 ሚሊ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ። እናቴ ያንን ያህል ወተት ጡጦው ግርጌ ላይ ስታየው ደነገጠች። «ይህ ምኗን ያጠግባታል?» አለች። ሆኖም የእናት ጡት በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው እንገር ከዚህም ያነሰ ነው፤ በአንድ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ። የአራስ ልጅ ሆድ ለዚያ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከልደት ክብደቱ እስከ አሥር በመቶ የሚደርስ መቀነሱም የታወቀ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሶ መያዙን ማረጋገጥ ግን ያስፈልጋል።

ስንት ጊዜ ለሚለው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ ነው፤ በሃያ አራት ሰዓት ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ። ወር ሲሞላ በአንዴ ከ90 እስከ 120 ሚሊ ሊትር፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሰዓቱ ይሆናል። እያደገች ብትሄድም በቀን አንድ ሊትር ገደማ ላይ ከደረሰ ሐኪም ማማከር ይገባል። እንቅልፍ የሚያበዛ አራስ ልጅ ደግሞ «ተዉት፣ ይተኛ» አይባልለትም። የልደት ክብደቱን እስኪመልስ ድረስ ከአራት ሰዓት በላይ ከቆየ መቀስቀስ አለበት፤ በተለይ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ የሆነ ልጅ ረሃቡን ሳይናገር ተኝቶ ይደክማል። እኛ ቤት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የምትቀሰቅሳት እናቴ ነበረች። እግሯን ገልጣ ውስጥ እግሯን በአውራ ጣቷ ታሻሻት ነበር፤ ወዲያው ትነቃለች።

ጣሳው ላይ ያለው ሠንጠረዥስ? የእኛው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 90 ሚሊ ሊትር ስድስት ጊዜ ይል ነበር። ሠንጠረዡ የተሠራው ለአማካይ ልጅ ነው፤ የሦስት ቀንን ልጅ ከአሥራ አራት ቀን ልጅ፣ ሁለት ኪሎ ተኩል የምትመዝነውን ከአራት ኪሎዋ አይለይም። ከጣሳው ላይ ያለ ማወላወል መታዘዝ ያለብን የዱቄቱንና የውኃውን ልክ ነው። መጠኑን መነሻ እንጂ መድረሻ አድርጌ አላየውም።

እዚህ ላይ እናቴን እያየሁ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። አምስት ልጆች ስታጠባ ለአንዳችንም ስንት ሚሊ ሊትር እንደሰጠች አታውቅም። ጡት አያሳይም። ልጁ ጡቱን ለቀቀ፣ እጁ ፈታ አለ፣ አንገቱን አዞረ፤ በቃው ማለት ነው፤ ነገሩ አለቀ። ይህን ንባብ ከማንም ነርስ በላይ ታውቀዋለች። ጡጦ ግን ይታያል፤ መስመርና ቁጥርም አለው። ከ60ው ውስጥ 15 ሲቀር ያ ቀሪ እንደ ጥፋት ዓይኗ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ የማጥባት ጥበቧን ትተወውና የጉርሻ ሰው ትሆናለች፤ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ትላለች። ልጅቷ አፏን ትዘጋለች፤ እሷ የጡጦውን ጫፍ ከንፈሯ ላይ ታሻሻለች፤ ጫፉ ገብቶ ላንቃዋን ሲነካት ሕፃን ነችና ሳትፈልግም ትጠባለች። ከዚያ የጠባችውን ሁሉ ትከሻችን ላይ ታቀረሻለች። «አየሽ፣ ወተቱ አልተስማማትም» ይባልና ሌላ ዓይነት ጣሳ ፍለጋ ይወጣል። ስንት ቤት በዚህ ምክንያት ከጣሳ ጣሳ እንደሚቀያይር ሳስብ ያንገበግበኛል።

«እማዬ፣ እኛን ስታጠቢን እንዴት ነበር የምታውቂው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ፊታችሁን አይቼ ነዋ» አለችኝ። ያንኑ ፊት ማየት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ረሃብ ሲጀምር ሕፃን ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፣ ጉንጩን የነካውን ሁሉ በአፉ ይከተላል። ልጅ ካላለቀሰ ጡት አይሰጠውም የሚለው አባባላችን ለአራስ ልጅ አይሠራም፤ ለቅሶ የረሃብ የመጨረሻው ምልክት ነው፤ እስኪያለቅስ የተጠበቀ ልጅ ደግሞ አየር እየዋጠ ትን እያለው ይጠጣል። ሲጠግብ ይቀዘቅዛል፣ ይለቃል፣ ፊቱን ያዞራል። በተቃራኒው ጡጦውን ጨርሶ አሁንም የሚፈልግ ከሆነ ሌላ 20 ወይም 30 መጨመር ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ለክልከላ የተጻፈ አይደለም። ከሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ምሽት ምሽት በየሰዓቱ የሚጠይቁ ልጆች አሉ፤ የኛዋም እንደዚያው ነበረች።

አያያዙም መጠኑን ይወስናል። ልጅቷን ቀና አድርጎ ታቅፎ፣ ጡጦውን ወደ ታች ከመድፋት ይልቅ አግድም ጠጋ አድርጎ መያዝ፤ በየመሐሉ ማውጣትና ማስገሳት። ተጋድማ፣ ጡጦው ተደፍቶባት ከሆነ ወተቱ በራሱ ስለሚወርድ ከመዋጥ በቀር ምርጫ የላትም። ጡጦውን በትራስ ደግፎ ልጅን ብቻውን መተው ደግሞ ለአንድ ደቂቃም አይፈቀድም፤ ትን ሲላት የሚደርስላት የለም።

በቂ አገኘች ወይ የሚለውን የሚመልሰው ሽንት ጨርቋ ነው። ከአምስተኛው ቀን ወዲያ በሃያ አራት ሰዓት ስድስትና ከዚያ በላይ ርጥብ ጨርቅ፣ ሽንቱም የገረጣ። ከዚያም ሚዛን፤ የልደት ክብደቷን ካገኘች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መጨመር አለባት። ሽንት ካነሰ፣ አፍ ከደረቀ፣ እርግብግቢቷ ከሰረጎደ፣ ለመጥባት ካልነቃች ወይም ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ነው።

አሁን ወደ አቀላቀሉ። በአብዛኛው ጣሳ ላይ ልኩ አንድ የተስተካከለ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው። ቀድሞ ውኃው ይለካል፤ ከዚያ ዱቄቱ በጣሳው ማንኪያ ተቀድቶ በቢላ ጀርባ ይስተካከላል፤ አይከመርም፣ አይጠቀጠቅም። ለ60 ሚሊ ሊትር ሁለት ማንኪያ። ሰፈር ውስጥ ለእኛ ደግ የሆኑ አንዲት እናት መጥተው ስንቀላቅል አይተው «ልጄ፣ ለአራስማ ግማሹ ይበቃል፤ ወፍራም ወተት ሆድ ይነፋል» አሉ። ምክሩን ያመጡት ከላም ወተት ነው፤ የላም ወተት በውኃ ቀጥኖ ለልጅ ሲሰጥ ኖሯል። የጣሳው ዱቄት ግን አስቀድሞ ተመጣጥኖ የተሠራ ነው። በግማሽ የቀጠነ ወተት የጠጣች ልጅ ሆዷ ይሞላል፣ ሽንቷም ይበዛል፤ ለዚህም ነው ሰው የሚታለለው። ምግቡ ግን ግማሽ ነው፤ ክብደቷ ይቆማል። ሲብስም በደሟ ውስጥ ያለው ጨው ከመጠን በታች ወርዶ እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሳል። አወፍሮ መስጠትም ሌላ ጉዳት አለው፤ ኩላሊቷ ያልጠነከረ ልጅ ውኃ ያጥራታል፣ ሆዷ ይደርቃል። እትዬን በትሕትና እምቢ አልኋቸው፤ ቅር እንዳይላቸውም ለምን እንደሆነ አስረዳኋቸው።

ማቅጠን ሁልጊዜ ከልማድ አይመጣም፤ ከኪስም ይመጣል። አንድ ማንኪያ ዱቄት ከ4 እስከ 5 ግራም ነው። ሦስት ኪሎ የምትመዝን ልጅ በቀን 15 ማንኪያ ትፈልጋለች፤ 400 ግራሙ ጣሳ ስድስት ቀን ገደማ ይቆያል። አራት ኪሎ ተኩል ስትደርስ ያው ጣሳ ለአራት ቀን ብቻ ነው። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነውና ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ይወጣል። ደመወዝ ከመድረሱ በፊት ጣሳው የጎደለባት እናት ከአምስት ማንኪያ አንዷን ብትቀንስ ክፋት የለባትም፤ አማራጭ አጥታ ነው። ስለዚህ ጣሳ ከመጀመሩ በፊት የወሩን ሒሳብ ቁጭ ብሎ መሥራት ያስፈልጋል። አራስ ጠያቂ ቤተ ዘመድም ከልብስና ከአሻንጉሊት ይልቅ «የምትጠቀሙት ጣሳ የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ትልቅ ውለታ ይውላል።

ሆኖም የዘመድ ጣሳ የራሱ አደጋ አለው። ከዱባይ፣ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣው ሁሉ አንድ ልክ የለውም። በአሜሪካ የሚሸጠው ዱቄት በአብዛኛው አንድ ማንኪያው ለ60 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው፤ እነሱ ሁለት ኦውንስ የሚሉት። አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት የምናገኘው ብዙው ለ30 ነው። የአንዱን ጣሳ ማንኪያ ለሌላው ዱቄት መጠቀም፣ ወይም በአንዱ ልክ ሌላውን መቀላቀል፣ ሳይታወቅ ወተቱን እጥፍ ያወፍረዋል ወይም በግማሽ ያቀጥነዋል። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ የላከችው ጣሳ ሲመጣ የማንኪያውን መያዣ ቆርጠን ከአሮጌው ለየነው፤ ልኩንም በአማርኛ በወፍራም ቀለም ክዳኑ ላይ ጻፍንበት። በዓረብኛ ብቻ የተጻፈበት ጣሳ የደረሳት እናት ልኩን የሚያነብላት ሰው እስክታገኝ ባትከፍተው ይሻላል።

ዱቄቱ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ከጀርም የጸዳ አይደለም። አልፎ አልፎ ክሮኖባክተር ሳካዛኪ የሚባል ባክቴሪያ ይገኝበታል፤ በአራስ ልጅ ላይ የማጅራት ገትር ሊያስከትል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ውኃ ከ70 ዲግሪ በታች እንዳይሆን ያዘዘው ለዚህ ነው። ውኃው ከፈላ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ ስለሚጀምር ወደ 70 የሚወርደውም ቀድሞ ነው። እኛ ትንሽ አቆይተን እንበጠብጥና ጡጦውን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ አዟዙረን፣ የእጃችን አንጓ ላይ ጠብ አድርገን ቀዝቀዝ ማለቱን አይተን እንሰጣታለን። የተዘጋጀው በሁለት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ጠጥታ ያስተረፈችውም ይደፋል፤ ለሚቀጥለው አይቀመጥም። መደፋቱ የሚያሳዝነው ሰው ከመጀመሪያው አነስ አድርጎ ይበጥብጥ። መብራት በሚጠፋበትና ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም። ጡጦ ማፍላት ካልተቻለ ንጹሕ ሲኒ ይሻላል፤ ሕፃን ከሲኒ ከንፈር ወተት ይልሳል፤ ሲኒ ደግሞ ጡጦ ያለው ጠባብ አንገትና ስርጉድ ስለሌለው በደንብ ይታጠባል።

ይህን ሁሉ የምደረድረው ለማስፈራራት አይደለም። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 እ.ኤ.አ. የጡት ወተት ተተኪዎችን ንግድ የሚገዛ ደንብ ያጸደቀው፣ ኩባንያዎች ንጹሕ ውኃና በቂ ገንዘብ ወደሌለበት ቤት ጣሳ እያስተዋወቁ በመግባታቸው ሕፃናት በቀጠነና በተበከለ ወተት ስላለቁ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቦትስዋና ውስጥ ከባድ ዝናብ ውኃውን ሲበክል፣ ከኤች አይ ቪ ለመከላከል ተብሎ በነፃ በሚታደል የጣሳ ወተት ያድጉ የነበሩ ሕፃናት በተቅማጥ ወደቁ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞቱ። ጡት የሚጠቡት ግን በእጅጉ ተርፈዋል። ቦትስዋና ከእኛ የተሻለ የቧንቧ ውኃ ያላት አገር ናት።

ለአራስ ቅቤ ማላስ፣ የስኳር ውኃ፣ የአብሽ ውኃ፣ ጤና አዳም፤ እነዚህም በዚያችው ትንሽ ሆድ ውስጥ የወተትን ቦታ ይወስዳሉ። ወተት የምትጠጣ ልጅ ከስድስት ወር በፊት ባዶ ውኃም አያስፈልጋትም። የላም ወተት እንደ ዋና መጠጥ ከዓመት በኋላ ነው።

ጣሳ የሚገባው ደግሞ በሕመም ብቻ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 የሥራ ቀን ነው። ስድስት ወር ጡት ብቻ እየተባለ የተመከረች እናት ምክሩ ሳያልቅ ቢሮ ትጠራለች። ጉልት የምትቸረችር፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ደግሞ ያም ፈቃድ የላትም። ወተቷን አልባ የምታስቀምጥበት ንጹሕ ክፍልና ማቀዝቀዣ በየመሥሪያ ቤቱ ቢኖር ስንት ጣሳ ሳይገዛ በቀረ ነበር። ይህን የእናቶች ጉዳይ ብቻ አድርገን መተዋችን ትክክል አይመስለኝም።

እህቴ ከሆስፒታል ስትወጣ ጡቷ ደርቋል ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ያችው ሲስተር ወተት የሚመለሰው በመጠባት ነው ብላ መከረቻት። ልጅቷን ራቁቷን ደረቷ ላይ ታደርጋታለች፤ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም፣ ቀድሞ ጡት ይሰጣታል፣ ጡጦ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ወተቱ ጠብ ማለት ሲጀምር ከየጡጦው ጥቂት በጥቂት ቀነስን፤ ሽንት ጨርቋንና ሚዛኑን እየተከተልን፣ ክብደቷ ዝግ ካለ መልሰን እየጨመርን። አሁን ቀን ቀን ጡት ብቻ ትጠባለች። ማታ የሚሰጣት አንድ ጡጦ ቀርቷል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ደኅና ጨምራ ከተገኘች እሱም ይቀነሳል።